የጤናማ ሰውነት ልክ በማን ይለካል?

የሰው አካል ጤናማ የሚባለው ከብዙኃኑ ጋር ሲመሳሰል ነው ወይስ የሚኖረውን ሕይወት ያለ ጉዳት መሸከም ሲችል? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ቢመስልም፣ ሚዛንና ሜትር ባለበት የጤና ተቋም ሁሉ፣ ጥያቄነቱ እንኳ ሳይታወቅ፣ በየዕለቱ መልስ ይሰጠዋል። ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ በማካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም ቢኤምአይ፣ 25 ሲሞላ ክብደት ከመጠን አለፈ፣ 30 ሲሞላ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ቁጥርም የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና መሰል ችግሮች፣ በጥቅሉ ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበት ሥርዓት መዛባት፣ የሚያሰጋው ማን እንደሆነ እንዲለይ ይጠበቅበታል።

ስሌቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀመረው ቤልጅጋዊው የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን፣ የፈለገውም በሽተኛን መለየት ሳይሆን «አማካይ ሰው» ብሎ የጠራውን መልክ ማግኘት ነበር፤ አማካዩንም እንደ ፍጽምና አብነት ይመለከተው ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪምና ፈላስፋ ዦርዥ ካንጊለም እ.ኤ.አ. በ1943 ባቀረበው ሥራ ይህን አስተሳሰብ ተቃውሞ፣ የጤና ልክ ከአማካይ እንደማይቀዳና ሕያው ፍጡር ከአካባቢው ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ እንደሚፈለግ ተከራክሯል።

የኢትዮጵያ ጉዳይ ለካንጊለም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጥናቶች አንድ ላይ የመዘነ ትንተና፣ በዕድሜ፣ በጾታና በሰውነት ስብ መጠን ከነጮች ጋር እኩል የሆኑ ኢትዮጵያውያን ቢኤምአያቸው በ4.6 ያህል እንደሚያንስ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናትም የውፍረትን ወሰን ለወንዶች 22.2፣ ለሴቶች 24.5 ላይ አስቀምጦታል። ሌላው መለኪያ የሆነውን የወገብ ዙሪያን በተመለከተ ግን ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2005፣ ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን የራሳቸው መረጃ እስኪገኝ ድረስ የአውሮፓውያን ልክ፣ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር፣ እንዲሠራበት መክሯል፤ ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዓመታት ሲቆጠሩ እንደ ተፈጥሮ ሕግ መታየቱ አሳሳቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል በጅምላ ከተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ብዙዎች ከኑሮው ለውጥ በኋላ፣ በአውሮፓው ወሰን ወፍራም ሳይባሉ፣ በስኳር ሕመም መያዛቸው የወሰኑን አለመግጠም በሰው ጤና ዋጋ አስረድቷል።

ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ ስለተፈጠረ ለሁሉም አንድ መለኪያ ይበቃል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብር ይገባዋል፤ ሰውን በዘር ከፋፍሎ መለካት ያስከተለው ጥፋት ብዙ ነውና። ይሁን እንጂ የሰው እኩልነት ያለው ጉዳቱ በእኩል ዓይን በመታየቱ ላይ ነው፤ ያው 94 ሴንቲ ሜትር አንዱን ቀድሞ አስጠንቅቆ ሌላውን ከታመመ በኋላ የሚያገኘው ከሆነ፣ የቁጥሩ አንድነት እኩልነትን አያመጣም።

ከባዱ ጥያቄ ግን «ሕዝብ» የሚባለው ማን ነው የሚለው ነው። በጋምቤላ የሚገኙት እንደ ኑዌርና አኝዋ ያሉ ሕዝቦች እግራቸው ረጅም፣ ግንዳቸው አጭር በመሆኑ፣ የስባቸው መጠን ሳይቀንስ ቢኤምአያቸው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ አንድ ብሔራዊ ቁጥር የአውሮፓው ቁጥር በኢትዮጵያ ላይ የሠራውን ስሕተት በእነርሱ ላይ ይደግመዋል። ዛሬ በመዲናዋ ዙሪያ ባለችው ሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ደግሞ ትውልድን ብቻ መከተልም እንደማይበቃ ያሳያሉ። በሰበታ መሬቱ ለፋብሪካና ለአበባ እርሻ የዋለበት ገበሬ የጥበቃ ሥራ ቢይዝ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ሱሉልታ ከሚሠለጥነው ሯጭ ጋር አንድ ቋንቋና አንድ የዘር ሐረግ ቢኖረውም፣ የዕለት ድካሙና ማዕዱ ሌላ ነው፤ ከደቡብ ወይም ከሰሜን መጥቶ ቡራዩ ከከተመው ጎረቤቱ ጋር ግን በኑሮው ይቀራረባል። በአገሪቱ የብሔር ጥያቄ ስንት ነገር እንደሚሸከም ለሚያውቅ፣ ወሰኑን በብሔር ስም መጻፍ ከሳይንሳዊ ድክመቱ ባሻገር አደገኛ ነው።

ወሰኑ የሚወጣበት ስሌትም ፍርድ የተሸሸገበት ነው። ወሰኑ ዝቅ ሲል በሽተኞችን የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፣ ጤነኛውንም ግን በስጋት ይመዘግባል፤ ከፍ ሲል ጤነኛውን ነፃ ያወጣል፣ ቀጭኑን በሽተኛ ግን ያሳልፋል። ብዙ ጊዜ ተመራማሪዎች ሁለቱን ስሕተቶች እኩል አድርገው የሚመዝን ቀመር ይጠቀማሉ፤ እኩል ናቸው ማለት ግን ሒሳብ ሊያረጋግጠው የማይችል የዋጋ ፍርድ ነው። የደም ስኳር ምርመራ ለማግኘት የቀን ሥራውን ለሚተው ሠራተኛ ያለ ምክንያት መጠራት ቀላል አይደለም፤ ሳይታወቅለት ዓይኑን ወይም ኩላሊቱን ለሚያጣው ግን መዘለሉ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ወሰኑን ለማውጣት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚደረግ ጥናት ወገብን አንድ ጊዜ ለክቶ መሄድ አይበቃውም፤ በጾምና በፍስክ ወራት እየደጋገመ መለካት፣ የተለኩትንም ለዓመታት ተከታትሎ ማን እንደታመመ መመዝገብ፣ ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው እንደሚከብድም የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍሉትን ነዋሪዎች መጠየቅ ይኖርበታል።