ጠጕርና ክብር

ሰው ከባልንጀራው ኀፍረት እንጀራውን ቢያገኝ ንግዱ ቅን ነው ልንል እንችላለንን? ውድ ምእመናን፣ ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች የጠጕር ንግድ ታሪክ ጎልቶ ይታያል።

በእስፓኝ ትገዛ በነበረችው ሉዊዚያና፣ አገረ ገዥው ሚሮ እ.ኤ.አ. በ1786 ጥቁርና ክልስ ሴቶች ጠጕራቸውን በሻሽ እንዲሸፍኑ አዘዘ። ሴቶቹም ሻሹን በቀለምና በአጠማጠም አስጊጠው የውርደቱን ምልክት ጌጥ አደረጉት።

በዚያችው ምድር በ1867 የተወለደችው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር፣ ወላጆቿ በባርነት የኖሩ፣ እርሷም በልብስ አጠባ የምትተዳደር ሴት ነበረች። ጠጕሯ መርገፍ በጀመረ ጊዜ የራስ ቅባት ወደ መሸጥ ገባች፤ ብዙ ሺህ ሴቶችንም አሠልጥና በሻጭነት አሰማራች። ከአጣቢነትና ከገረድነት ሌላ በር እምብዛም ላልተከፈተላቸው ሴቶች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ተቺዎቿ ግን በጋለ ማበጠሪያ ጠጕርን ማለስለስ ሴቲቱን የተፈጥሮ መልኳን ያስንቃታል አሉ። እርሷም ሥራዬ ጠጕርን ማሳደግ እንጂ ማለስለስ አይደለም ስትል ተከላከለች።

በእኔ አስተያየት ሚዛኑ ያለው በዕቃው ሳይሆን በሻጩ ቃል ነው። የተጎዳን ራስ ማከም አንድ ነገር ነው፤ «እንዳለሽ አታምሪም» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ። ዛሬ ለተፈጥሮ ጠጕር ቅባት የሚያዘጋጁ ነጋዴዎችም ከጥያቄው አያመልጡም፤ ጠጕሯን ያለሰለሰችውን እኅት እያሳፈረ የሚሸጥ፣ የድሮውን ኀፍረት ገልብጦ ለብሶታልና።

ምርጫን ግን ከግዴታ መለየት ይገባል። እናቶቻችን ቅቤ ተቀብተው ሹሩባ ሲሠሩ እያየን ላደግን ለእኛ እንግዳ ቢመስልም፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ሹሩባ የተሠራች ሴት በጠጕሯ ምክንያት ከሥራ እንዳትገለል በ2019 ሕግ ማውጣት አስፈልጎታል።