በእጅ የሚንቀሳቀስ ምሳሌና የአስረጂው ኀላፊነት

ሰው አንድን ከባድ ነገር ተረዳ የሚባለው መቼ ነው? የተነገረውን ቃል ሰምቶ በደገመ ጊዜ ነውን? ወይስ የነገሩን አካሄድ ራሱ ተከትሎ ከፍጻሜው በደረሰ ጊዜ? የአገራችን የቅኔ መምህራን ሰሙን ሰጥተው ወርቁን ደቀ መዝሙሩ በራሱ ድካም እንዲያወጣ የሚተዉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው የደከመበት ዕውቀት የራሱ ገንዘብ ይሆንለታል።

በዘመናችን ይህ የቆየ ጥበብ አዲስ መልክ ይዞ መጥቷል። ስለ ኅብረተሰብ፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ በሽታ መዛመት የሚያስረዱ አንዳንድ ጽሑፎች በኮምፒዩተር ሲቀርቡ በአንቀጾቻቸው መካከል ተንቀሳቃሽ አምሳያ ይዘው ይገኛሉ። አንባቢው ቍጥሩን ይለዋውጣል፣ ቅርጾቹን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል፣ ከዚያም የሚሆነውን ያያል። ይህ አቀራረብ «ሲሙሌሽን» በሚል ስም ይታወቃል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ማስረጃ የአንባቢውን ነጻነት ያከብራልን? ወይስ በማይታይ እጅ ወደ ተፈለገው ቦታ ይመራዋል? ጥያቄው ከመሣሪያው አልፎ የሥነ ምግባርን ጉዳይ ይነካል።

አንድ የታወቀ ምሳሌ እንመልከት። ፕሮፌሰር ቶማስ ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። እኚህ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በየዘራቸው ተለያይተው የሚሰፍሩበትን አንዱን መንገድ መርምረዋል። ሐሳባቸውን በዳማ ሰሌዳና በሳንቲም ማሳየት ይቻላል። ሁለት ዐይነት ሳንቲሞች በሰሌዳው ላይ ይበተናሉ፤ ጥቂት ቤቶችም ባዶ ይተዋሉ። እያንዳንዱ ሳንቲም ከጎረቤቶቹ ቢያንስ ሲሶው የእርሱ ዐይነት እንዲሆን ይፈልጋል እንበል። ይህ ካልተሟላለት ወደሚስማማው ባዶ ቤት ይሄዳል።

ደንቡ ጥላቻ የለበትም። ከጎረቤቶቹ አብዛኞቹ ከሌላው ወገን ቢሆኑም ሳንቲሙ ረክቶ ይኖራል። ነገር ግን አንዱ ቤቱን ለቆ ሲሄድ የቀድሞ ጎረቤቱ ብቸኛ ይሆንና እርሱም በተራው ይነሣል፤ በደረሰበት ሰፈር ደግሞ የሌሎችን ሚዛን ያናጋል። ከብዙ ዝውውር በኋላ ሰሌዳው ማንም ካሰበውና ከፈለገው በላይ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይገኛል።

ቫይ ሃርትና ኒኪ ኬዝ የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ይህንኑ ሐሳብ አንባቢው በገዛ እጁ እንዲሞክረው አድርገው አቀረቡት። የሥራቸውም ስም «የባለ ብዙ ጎን ቅርጾች ምሳሌ» እንደ ማለት ነው። በሳንቲሞቹ ፈንታ ሦስት ማዕዘኖችና አራት ማዕዘኖች አሉ፤ ያልተደሰተውን ቅርጽ አንሥቶ የሚያዛውረው አንባቢው ራሱ ነው። ጸሐፊዎቹ አንድ ቁም ነገር ጨምረዋል። ሰፈሩ አንዴ ከተከፈለ በኋላ የቅርጾቹ ፍላጎት ቢለዝብም፣ ፈጽሞ ቢጠፋም እንኳ፣ ክፍፍሉ እንዳለ ይቀራል፤ ማንም ለመነሣት ምክንያት የለውምና። መቀላቀል የሚመለሰው እያንዳንዱ ቅርጽ ከራሱ ዐይነት ጋር ብቻ መኖርን እምቢ ሲል ነው።

«እኔ በበኩሌ ማንንም አልጠላም» ብሎ ኅሊናውን ለሚያሳርፍ ሰው ይህ ከባድ ትምህርት ነው። ሐሳቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብንነግረው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። «አንድ ቤት ብቻ ነው፣ ምን አለበት?» እያለ ቅርጾቹን ሲያዛውር የቆየ ሰው ግን በመጨረሻ የግንቡን ድንጋዮች አንድ በአንድ ያኖረው የገዛ እጁ መሆኑን ያያል። የተንቀሳቃሹ ምሳሌ ኀይል በዚህ ላይ ነው።

አደጋውም ከዚሁ ኀይል ይወለዳል። ሰው በእጁ ሠርቶ ያገኘውን ነገር ሌላ ሰው ከነገረው ይልቅ አጥብቆ ያምናል። ይሁን እንጂ ቅርጾቹን ያንቀሳቀሰው አንባቢው ቢሆንም፣ ደንቡን አስቀድሞ ያወጣው ሌላ ሰው ነው። በሰሌዳው ላይ ከቅርጾቹ ፍላጎት በቀር ምንም የለም፤ አከራይ የለም፣ ባንክ የለም፣ ሕግም የለም። በአሜሪካ ከተሞች ግን እነዚህ ሁሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አንድ የመንግሥት የቤት ብድር መሥሪያ ቤት ባዘጋጃቸው ካርታዎች ላይ የጥቁሮች ሰፈሮች ለብድር አስጊ ተብለው በቀይ ቀለም ተመልክተዋል። ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክሉ ውሎች ይፈረሙ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች እነዚህን ውሎች እንዳያስፈጽሙ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር ማድላትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ከሰሌዳው ብቻ የተማረ ሰው «ለካስ በደለኛ የለም» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሰሌዳው እንዲህ አላለም፤ ነገር ግን ዝምታው እንደ ምስክርነት ተቈጠረለት። ፕሮፌሰር ሼሊንግ ራሳቸው የተደራጀ አድልዎና የሀብት ልዩነትም የመለያየት ምክንያቶች መሆናቸውን፣ ጥናታቸው ግን በግለሰቦች ምርጫ ላይ እንደሚያተኵር በግልጽ ጽፈዋል። የቅን አስረጂ ጠባይ ይህ ነው።

ከዚህ ተነሥተን አስረጂ የሆነ ሁሉ ሦስት ግዴታዎች አሉበት ማለት እንችላለን። አንደኛ፣ ምሳሌው የሚሄድበትን ደንብ ሳይደብቅ መግለጥ። ሁለተኛ፣ ተማሪው ቅርጾቹን ብቻ ሳይሆን ደንቡንም ለውጦ እንዲፈትን መፍቀድ፤ ሲሶው ግማሽ ቢሆን ምን ይመጣል? ማንም ባይንቀሳቀስስ? ሦስተኛ፣ ከምሳሌው ውጭ የቀረውን ነገር በቃል መናገር። እነዚህን የጠበቀ ሰው የተማሪውን አእምሮ ያከብራል፤ የዘለላቸው ግን ነጻነት የሰጠ መስሎ ነጻነትን ይወስዳል።

ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም፤ ለሙከራውም ኮምፒዩተር የግድ አያስፈልግም። የዳማ ሰሌዳ 64 ቤቶች አሉት። ሃያ ሁለት ቆርኪ በፊቱ፣ ሃያ ሁለት ደግሞ በጀርባው አድርጋችሁ በትኑ፤ ሃያው ቤት ባዶ ይሁን። በጎን፣ በፊትና በኋላ፣ በማዕዘንም የሚነካካው ሁሉ ጎረቤት ይባል። ወጣቶቹ በሲሶው ደንብ መሠረት ቆርኪዎቹን ያዛውሩ፤ ማንም የሚነሣ ሲጠፋ ቆም ብለው ሰሌዳውን ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ «ማን አጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አትቸኵሉ። ክርክሩ ሲሞቅ ግን «በሰሌዳው ላይ የሌለው ምንድን ነው?» የሚለውን ሁለተኛውን ጥያቄ ጨምሩ።

የሁሉ ታላቅ ጉድለት የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ቆርኪ ኅሊና የለውም። ደንቡ ተነሣ ሲለው ይነሣል፤ ብቻውን የቀረውን ጎረቤቱን አይቶ «ለእርሱ ስል እቈያለሁ» ማለት አይችልም። ሰው ግን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ምሳሌ የሚያሳየን ሰዎች ሳያስቡ ቢሄዱ የሚደርሱበትን ነው፤ መድረሳቸው ግን የግድ አይደለም። ይህን ልዩነት ያልነገርነው ተማሪ የሰውን ሕይወት እንደ ቆርኪ ጨዋታ ማየት ሊለምድ ይችላል። የነገርነው ተማሪ ግን ከሰሌዳው ቀና ብሎ የሚኖርበትን ሰፈር፣ በማኅበር አጠገቡ የሚቀመጡትንና የማይቀመጡትን ሰዎች በአዲስ ዐይን ይመለከታል።