ደም ለማን ይለገሳል?

አንድ የአርባ ምንጭ ነዋሪ፣ ሲቀላ ይኑር ሴቻ፣ ደም መለገስ ሕይወት ያድን እንደሆነ ቢጠየቅ «ይሄማ ምን ይጠየቃል?» ብሎ ይመልሳል። ራሱ ለግሶ ያውቅ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ድምፁ ይለዝባል፤ ጊዜ አላገኘም፣ መርፌ ይፈራል፣ ሰሞኑን አሞት ነበር። በአገራችን ከተሞች ስለ ደም ልገሳ የተደረጉ ጥናቶችም ደጋግመው የሚደርሱበት ውጤት ከዚህ አይርቅም፤ ልገሳን በበጎ የሚያየው ብዙ፣ ክንዱን የዘረጋው ጥቂት ነው። ለዚህ የሚታዘዘው የተለመደ መድኃኒት «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይባላል። ይህን መድኃኒት ራሱን መመርመር ያስፈልጋል። ሰው መልካም መሆኑን እያወቀ የማያደርገው ነገር ካለ፣ የጎደለው በእርግጥ ዕውቀት ነው? ዕውቀት ከሆነስ የትኛው?

በቀላሉ ከሚመለሰው እንጀምር። «ደሜ ያልቃል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል» የሚል ስጋት አለ። በአንድ ጤናማ አዋቂ ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ገደማ ደም ይዘዋወራል፤ በአንድ ልገሳ የሚወሰደው ከ350 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ነው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱ በሳምንታት ውስጥ ይሞላሉ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም የማያንስ፣ ደም ማነስ የሌለበት ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ይህን ማስተማር ተገቢ ነው። ችግሩ፣ ይህን ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰውም አለመለገሱ ነው።

ደግሞም ያው መርፌ የሚፈራ ሰው እህቱ ወሊድ ላይ ደም ፈሷት «ደም አምጡ» የተባለ ዕለት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ሮጦ ይሄዳል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ «ከኔ ውሰዱ» ይላል። መርፌው አልቀጠነም፤ ስለ ሰውነቱም በዚያ ሰዓት የተማረው አዲስ ነገር የለም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለማን እንደሚሰጥ አወቀ። እንግዲህ ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ስም ለሌለው፣ ላላየነው፣ ነገ ሊታመም ለሚችል ሰው መስጠት ልባችንን አያንቀሳቅሰውም።

ይህ የልብ ልማድ ከሕክምናው ታሪክ ጋር ሲተያይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1901 ካሳወቀ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሰጪና ተቀባይ ጎን ለጎን ይተኙ ነበር። ደም ከሰውነት እንደወጣ ይረጋልና ከሥር ወደ ሥር ፈጥኖ ማስተላለፍ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 አልበርት ሁስቲን በብራስልስ፣ ሉዊስ አጎቴ በቦነስ አይረስ ሲትሬት የተባለውን ጨው ተጠቅመው የደሙን መርጋት ማስቀረት ቻሉ። ከዚያ ወዲህ ደምን ማቆየት እየተቻለ መጣ፤ መስጠትና መቀበልም በቦታም በጊዜም ተለያዩ። ዛሬ ማክሰኞ የሚሰጥ ደም ከሦስት ሳምንት በኋላ ለማይታወቅ ሰው ይደርሳል። ሕክምናው ይህን ድንበር ከተሻገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የእኛ ሥነ ምግባር ግን ገና ጎን ለጎን ከተኙት ሰዎች ዘንድ ነው፤ ለመስጠት የተቀባዩን ፊት ማየት ይፈልጋል።

የተቀባዩን ፊት መፈለግ ምን ክፋት አለው? የዘመድ ፍቅር መልካም ነገር አይደለም? መልካም ነው፤ ግን ይዘገያል። ከገረሴ ወይም ከካምባ አካባቢ አንዲት እናት ወልዳ ደም አልቆም አላት እንበል። እንዲህ ያለው መፍሰስ ጤነኛዋን ሴት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ወንድሟ ያን ዕለት የሚሰጠው ደም ዓይነቱ ሊለይ፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ሊመረመር ይገባዋል። የሚያድናት ደም እንግዲህ ከመታመሟ በፊት የተለገሰ፣ ተመርምሮ በማቀዝቀዣ የተቀመጠው ነው። ሰጪው ስሟን ያላወቀው ስለማይፈልጋት አይደለም፤ በሰጠበት ቀን ገና ሕመምተኛ ስላልነበረች ነው። ለማይታወቅ ሰው መስጠት ከዘመድ ፍቅር በላይ የሚጨመር የጻድቃን ትሩፋት ሳይሆን፣ ነገሩ ራሱ የሚሠራበት መንገድ ነው ማለት ነው።

የቀድሞው አሠራራችን በዘመድ ላይ የቆመ ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክ አገልግሎትን እ.ኤ.አ. በ1969 ከጀመረ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አብዛኛው ደም የሚገኘው ከቤተሰብ ምትክ ለጋሾች ነበር። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዞረ ወዲህ መሠረቱ በጎ ፈቃደኛ ለጋሽ እንዲሆን ተደርጓል። የምትክ ልገሳ ጉድለት መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። ከቦንኬ ወረዳ ሕመምተኛ ተሸክሞ የወረደ ገበሬ በከተማው ማንን ያውቃል? ዘመድ የበዛለት ይድናል፣ ባይተዋሩ ይቀራል፤ ወይም በስውር ከፍሎ «ዘመድ» ይገዛል። አብሮት የመጣው ወንድሙም የወንድሙ ሕይወት በእሱ ቃል ላይ ሲንጠለጠል፣ «ሰሞኑን ታመህ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ እውነቱን ለመናገር ይቸገራል። ምርመራው ደግሞ በቅርቡ የተያዘን በሽታ ሊያመልጠው ስለሚችል የለጋሹ ሐቀኝነት የምርመራው አንድ ክፍል ነው። ፍቅር የሚያስዋሽበት ቦታ ቢኖር እዚህ ነው።

«ታዲያ ደም ይገዛ፤ ገንዘብ ሲኖር ሰጪ አይጠፋም» የሚል ይነሣል። ሪቻርድ ቲትመስ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን ነጻ ልገሳ ከአሜሪካ ግዢ ጋር አነጻጽሮ፣ ሽያጩ ችግረኛውን ሕመሙን እንዲደብቅ እንደሚገፋውና በጎ ፈቃድንም እንደሚያደክም ተከራከረ። ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው ደግሞ «ገበያ መኖሩ በነጻ መስጠት የሚፈልገውን ሰው ምን ይከለክለዋል?» ብሎ ሞገተው። የአሮው ጥያቄ ብርቱ ነው። ይሁንና ሻጭም፣ ልቡ የተጨነቀ ዘመድም እውነቱን ለመደበቅ ምክንያት አላቸው፤ ለማይታወቅ ሰው በነጻ የሚሰጥ ግን ቢዋሽ የሚያተርፈው የለም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሮች በነጻና በፈቃድ በሚሰጥ ደም ላይ እንዲመሠረቱ ሲያሳስብ ይህ ደግነትን ማወደስ ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጥያቄም ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከባህል የሚነሣ ነው፤ «የእኛ ሰው ለሚያውቀው እንጂ ለማያውቀው አይሰጥም» ይላል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ እድር ባልቆመ ነበር። እድርተኛ በየወሩ ሲከፍል ለማን ሐዘን እንደሚውል አያውቅም። ድንኳኑ የሚገዛው፣ ወንበሩ የሚሠራው ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ ነው፤ በሞት ማግስት የሚሰበሰብ መዋጮ ለቀብር እንደማይደርስ ሁሉም ያውቃል። ደም ባንክ የሚጠይቀንን የጊዜ ቅደም ተከተል አያቶቻችን አውቀውት ነበር።

እድር ግን መዝገብ አለው፤ ያልከፈለው አይካተትም። ደም ባንክ ከዚህ መዝገብ ያልፋል፤ ሰጥቶ የማያውቀው፣ ሊሰጥም የማይችለው እኩል ይቀበላል። ለዚህ እርምጃ ጋሞ ሌላ ምስክር አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎች ላይ ጥቃት ደርሶ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። የወንድሞቻቸው ደም ፈሷል፤ ከፊታቸው ያሉት ጎረቤቶች ግን በአጥፊዎቹ ፈንታ ሊከፍሉ አይገባም አሉ። አለመጉዳት ከመርዳት ያነሰ ነውና ይህ ለልገሳ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱ ግን አንድ መነሻ አላቸው፤ ከዘሬ ያልሆነው፣ ስሙን ያላወቅሁት ሰው ሕይወት በእኔም እጅ ያለ አደራ ነው የሚል። ያን በቁጣ ሰዓት ማለት የቻለ ሕዝብ በሰላም ጊዜ ማለት አይሳነውም።

ጥፋቱን ሁሉ በሕዝቡ ላይ መጫንም ትክክል አይደለም። «ደሜን ይሸጡታል» የሚል ጥርጣሬ በስብከት አይጠፋም፤ ምን ያህል እንደተሰበሰበ፣ ለየትኛው ሆስፒታል እንደሄደ፣ ምን ያህሉ እንደተወገደ በየጊዜው ለሕዝብ ሲነገር ነው የሚቀንሰው። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ፕሌትሌት ደግሞ አምስት ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል። የሰኔ 7ቱ የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ድምቀት እንግዲህ ነሐሴን አያሻግርም፤ ነሐሴ ደግሞ የአገራችን የደም ባንኮች ዋና ለጋሽ የሆነው ተማሪ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በደረሰ ሰሞን አሜሪካውያን በሰልፍ ከለገሱት ደም ከፊሉ ሳይሠራበት ጊዜው አልፎ ተወግዷል። የአንድ ቀን ስሜት የብዙ ወር ፍላጎትን አይሸፍንም።

ወባ በዚህ ላይ ሲጨመር የአርባ ምንጭ ሒሳብ ይከብዳል። በአባያና በጫሞ ዳርቻ ባለው ቆላ ወባ የሕፃናትንና የነፍሰ ጡሮችን ደም እያሳነሰ ፈላጊውን ያበዛል፤ ጥገኛ ተሕዋስያኑ በተቀመጠ ደም ውስጥም ሊተርፉ ስለሚችሉ ወባ የታመመው ሰው ከዳነ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ስለማይለግስ ሰጪውን ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ጨንቻና አካባቢዋ ይህ ጫና ይቀልላቸዋል። ነፍሰ ጡር፣ ደም ያነሰው፣ በወባ የተያዘ መስጠት ስለማይችል ያልሰጠው ተብሎ አይወቀስም። የቻለው ሰው ድርሻ ግን በዚያው ልክ ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ አገር ሕዝብ ከመቶው አንዱ ቢለግስ መሠረታዊው ፍላጎት ሊሸፈን ይችላል። ማንም ያን ግዴታ በስም ጠርቶ አይጠይቀንም፤ ተቀባዩም ማን እንደሰጠው ስለማያውቅ ውለታ አይሸከምም። የዚህ ግዴታ መለኪያ እንግዲህ ዝምድና ሳይሆን መቻል ነው።

ግንዛቤ ማስጨበጥ ትርጉም የሚኖረው ይህን ሲያስተምር ነው። ደም ሕይወት መሆኑን ሰው ያውቃል፤ ያላወቀው፣ የራሱ ልጅ ነገ የሚያስፈልጋት ደም ዛሬ በሌላ ሰው መሰጠት እንዳለበት፣ እሱም ለሌላው ልጅ ያ «ሌላ ሰው» መሆኑን ነው። ይህን ለማስረጽ ከበዓል ቀን ንግግር ይልቅ የእድር ስብሰባ ይሻላል። በከተማው ያሉ እድሮች ወራቱን ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ በየሦስት ወሩ መስጠት የሚችሉ አባላቱን ቢልክ፣ በክረምትም በወባ ወቅትም ማቀዝቀዣው ባዶ አይሆንም። የሚጠይቀውም አዲስ ደግነት ሳይሆን ቀድሞ የመክፈልን የቆየ ልማድ ከመዝገብ ማዶ ላለው ሰው ማድረስ ነው።