ኤልያስ ከዛፉ ሥር

በድባቴ የተያዘውን ሰው «እምነትህ ጎድሏል» ብሎ ማሰናበት ተገቢ ነውን? ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት የሸሹትን በተቀበለችው በጋምቤላ ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኛም እንዲሁ ያሰናበትንበት ጊዜ አለ። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንቅልፍም አልከለከለውም (1ነገ. 19)። እንግዲህ ዕረፍት፣ ምግብና የወዳጅ ጉብኝት የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው። ሲራክም (ምዕ. 38) መድኃኒት ከምድር እንደተገኘ፣ ሐኪምም መከበር እንዳለበት ያስተምራል፤ ጸሎትንም ከዚህ አይለይም። ዕፅ ሁሉ ግን ከምድር ስለ በቀለ ብቻ አይፈውስም፤ ከሐኪም መድኃኒት ጋር የሚጋጭም አለ። ስለዚህ ድባቴው ከ2 ሳምንት ሲያልፍ፣ ሞትን ሲመኝ ግን በዚያው ቀን፣ ወንድማችንን ይዘን ወደ ጤና ተቋም እንሂድ፤ እየጸለይንም አጠገቡ እንቀመጥ።