የተራበውን ልጅ ሰነፍ አትበሉት

ብዙ ምእመናን ስለ ነፍስ ሲያስቡ ስለ እንጀራ ማሰብ የሥጋ ነገር ነው ብለው ይንቁታል። ልጅ ትምህርቱን ባያውቅ ወይም ቢቆጣ ወዲያው እንገሥጸዋለን፤ ምን በልቶ እንደ መጣ ግን አንጠይቅም። ይህ ነገር ለክርስቲያን የተገባ ነውን?

እኔ ራሴ በዚህ ነገር በድያለሁ። በአንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር ማለዳ ማለዳ በመጽሐፉ ላይ የሚያንቀላፋ አንድ ልጅ ነበረ። ሰነፍ አልሁት፤ በባልንጀሮቹም ፊት አቆምሁት። ስጠይቀው ዝም ቢል ዝምታውን ትዕቢት አድርጌ ቆጠርሁት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እናቱ መጥታ፥ ልጁ ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ሄዶ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ሰነፉ እኔ እንደ ሆንሁ አወቅሁ፤ አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ሰንፌ ነበርና።

ረኃብ የሰውን ጠባይ ይለውጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944ና በ1945 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፥ ዶክተር አንሰል ኪስ 36 ጎልማሶችን መረመረ። እነርሱም ስለ ሕሊናቸው የጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ በጦርነት የተራበው ሕዝብ የሚረዳበት እውቀት እንዲገኝ በፈቃዳቸው ገቡ፤ በጤናና በጠባይም ተመርጠው ነበር። ስድስት ወር ያህል ምግባቸው ወደ ግማሽ ተቀነሰ። ከዚህ የተነሣ እነዚያ ትዕግሥተኞች ቁጡዎች ሆኑ፤ ትካዜም ያዛቸው፤ ሐሳባቸውን መሰብሰብ እንዳቃታቸው ተናገሩ፤ የሚያስቡትም ስለ ምግብ ሆነ። ሕሊናቸው የጸና ጎልማሶች እንዲህ ከሆኑ፥ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ እንዴት ይሆን?

ደግሞም ሆድ መሙላት ብቻ አይበቃም። አንጎል ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት ከሚፈጀው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳል። በደሙ ብረት ያነሰው ልጅ ይደክማል፤ ልቡናውም ይፈዝዛል። የወር አበባ ማየት የጀመረች ልጃገረድ ከወንድሟ ይልቅ ብረት ያስፈልጋታል፤ በብዙ ቤት ግን መጨረሻ የምትበላው እርስዋ ናት። ስለዚህ ምስሩ፥ ሽሮው፥ ጎመኑ፥ ሲገኝም ሥጋው ለእርስዋም ይድረሳት። ሎሚ ወይም ቃሪያ ከምግቡ ጋር ቢኖር ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ያግደዋልና ከማዕድ ራቅ አድርጎ መጠጣት መልካም ነው። አዮዲን ያነሰው ሰው እንቅርት ይወጣበታል፤ እናት ፀንሳ ሳለች ቢያንሳት ደግሞ የልጁ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በአገራችን የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጣ። ይህንም ጨው ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ከበሰለ በኋላ መጨመር ይገባል።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ነገር አይንቅም። ኤልያስ በምድረ በዳ ተስፋ ቆርጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ አስቀድሞ አልገሠጸውም፤ ሁለት ጊዜ አበላው እንጂ። የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ጌታችንም የ12 ዓመት ብላቴና የነበረችውን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ባስነሣት ጊዜ፥ የምትበላው እንዲሰጣት አዘዘ። ሞትን ያሸነፈ ጌታ ስለ አንዲት ብላቴና ምግብ ካሰበ፥ እኛ ይህን የምንንቅ ማን ነን?

አንዳንድ ሰው፥ ጾም ሥጋን ለመግዛት የተሰጠ አይደለምን? ይል ይሆናል። ጾም ግን ምግብ ያለው ሰው በፈቃዱ የሚተወው ነው። የድሀ ልጅ ባዶ ሆድ ጾም አይደለም፤ የተረፈን ሰዎች ዕዳ ነው እንጂ። የልጅ ሐዘንና ድካም ሁሉ ከምግብ ማነስ ይመጣል አልልም፤ ሌላም ምክንያት አለው። ነገር ግን ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ይገባል።

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ምግብ ይሰጥ ጀመር፤ ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የእኛን ግዴታ አያስቀርም። ወላጆች ሆይ፥ ለድግስና ለልብስ ከምታወጡት አስቀድማችሁ የልጆቻችሁን ቁርስ አስቡ። መምህራን ሆይ፥ በትር ከማንሣታችሁ በፊት ልጁን ለብቻው ጠርታችሁ፥ ዛሬ ምን በላህ? በሉት። ተማሪዎች ሆይ፥ በምሳ ሰዓት ከእናንተ የሚርቀውን ባልንጀራችሁን አስተውሉት፤ ሳታሳፍሩትም አካፍሉት። ጌታችን በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ተርቤ አበላችሁኝን ብሎ ነውና።