መርዶ በስልክ

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ማታ፣ እስራኤል ውስጥ ርሖቮት ከተማ፣ ኪርያት ሞሼ ሰፈር ያለው ቤቷ ስደርስ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስልኳ እግሯ ሥር ወድቋል። በቤተሰባችን የዋትሳፕ ግሩፕ ከጎንደር የታናሽ ወንድሟ ፎቶ ተልኮ ነበር፤ ከፎቶው ጎን የበራ ሻማ አለ። ማንበብ አላስፈለጋትም።

በእኛ ደንብ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ዘመድ አሰባስበው ይመክራሉ። ማን አፉን እንደሚከፍት፣ ማን አጠገቧ እንደሚቀመጥ፣ ራሷን ብትጥል ማን እንደሚይዛት አስቀድሞ ይወሰናል። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። እዚህ አገር መጥተንም አልተውነውም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ድምፃቸውን አጥፍተው ደረጃውን ሲወጡ ያየ ጎረቤት «የማን ቤት ይሆን?» ብሎ ከኋላ ይከተላቸዋል።

ፎቶውን የላከው የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው። ልጅ ነው፣ ሐዘኑን የሚያደርግበት አጥቶ ነው፤ አልተቀየምኩትም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ በስልክ የመጣ ሰው፣ መጥቷል ይባላል ወይ?

ስልኩንማ ልረግመው አልችልም። እናቴና ወንድሟ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላዊ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወጣ እኛ ወጣን፤ እሱ አያታችንን ሲያስታምም ጎንደር ቀረ። ለዓመታት መንገደኛ ሲገኝ ድምፁን በካሴት እንሰማ ነበር። ፊቱን ያየችው ቪዲዮ ያለው ስልክ ከገዛሁላት በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቃሏ «ውይ፣ ሸበትክ!» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ሻማ ሳይበራ፣ የሰንበት መልካም ምኞት ይለዋወጡ ነበር፤ ስልኩም እስከ ቅዳሜ ማታ መሳቢያ ውስጥ ይገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 አማራ ክልል ውጊያ ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እናቴ ወራት ሙሉ ዓርብ ከሰዓት ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ የማይጠራውን ስልክ ፊቷ አስቀምጣ ትቀመጥ ነበር።

ጥያቄዬን ይዤ ወደ ቀደሙት ሊቃውንት ሄድኩ። የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና እንደሚለው፣ ጥንት አዲስ ጨረቃ መታየቷ በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች የሚነገረው በእሳት ነበር። ደብረ ዘይት ላይ ችቦ ይለኮሳል፤ ያንን ያዩት ሰርታባ ተራራ ላይ ይለኩሳሉ፤ እንዲህ እያለ ተራራ ለተራራ ይሻገራል። ኋላ ሳምራውያን የሐሰት እሳት ሲያነዱ፣ ሊቃውንቱ ችቦውን ትተው ሰው መላክ ጀመሩ። መልእክተኛ ከእሳት ይዘገያል፤ ግን ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ፊቱም ይታያል። በእኛም ዘመን የኒው ዮርኩ ራቢ ሞሼ ፋይንስታይን ስለ በሽተኛ ጥየቃ ሲጽፉ፣ መሄድ ያልቻለ ሰው በስልክ ቢጠይቅ ከትእዛዙ ድርሻ እንዳለው፣ መሄድ የሚችል ግን በስልክ ብቻ ግዴታውን እንደማይወጣ ፈርደዋል። አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ለታማሚው የጎደለውን በዓይኑ ያያልና።

ይህ ፍርድ በእኛ ቤት ሲሠራ አይቻለሁ። በሰባቱ የሐዘን ቀናት ጎንደር ያሉት ዘመዶቻችን ስልካቸውን ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ አቆሙት፤ እኛም የኛን ጠረጴዛ ላይ። እናቴ ወንድሟን እየጠራች ስታለቅስ እዚያ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። ድምፁ ትንሽ እየዘገየ ስለሚደርስ እኛ ዝም ስንል የእነሱ ዋይታ ገና ይመጣ ነበር። ያን ለቅሶ ለቅሶ አይደለም የሚለኝ ካለ አልሰማውም። እናቴን ግን በዚያ ሰዓት ግራና ቀኝ የደገፏት የኪርያት ሞሼ ሴቶች ነበሩ። ማክሰኞ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

ጎንደርም፣ አዲስ አበባም፣ እዚህም ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሰላምታችሁን፣ ሰርጋችሁን፣ ለቅሷችሁንም በስልክ ላኩልን፤ እንፈልገዋለን። መርዶ ሲሆን ግን ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ለአንድ ሽማግሌ ደውሉ። ጎህ ሳይቀድ እኛ በሩን እናንኳኳለን።