የመጨረሻዎቹ ሦስት ኪሎዎች

አሪስቶትል ክብደት ስለ መቀነስ ጽፏል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ግን ጽፏል። «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው ዘጠነኛ መጽሐፍ ውስጥ የሰውን አድራጎት ሁለት ቦታ ሲከፍል በአንድ ወገን ቤት መሥራትን፣ መማርንና መክሳትን፣ በሌላው ወገን ማየትን፣ ማሰብንና ደህና መኖርን አሰልፏል። የሚያይ ሰው በዚያችው ቅጽበት አይቷል፤ የቀረው ነገር የለም። ቤት የሚሠራ ሰው ግን እየሠራ ሳለ ገና አልሠራም፤ የጨረሰ ዕለት ደግሞ መሥራቱ ያበቃል። የሚከሳም እንዲሁ ነው፤ እየከሳ ሳለ ገና አልከሳም፣ ከከሳ በኋላ ደግሞ መክሳት የለም። እንዲህ ያለው አድራጎት ለአሪስቶትል ምንጊዜም ጎዶሎ ነው፤ ግቡ ከራሱ ውጭ ስለሆነ ግቡን ሲያገኝ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ፈላስፋውን ማመስገንም መሞገትም ይቻላል። ቤት ሲያልቅ ግንበኛው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል፣ ቤቱም ቆሞ ይቀራል። የከሳ ሰውነት ግን በራሱ ቆሞ አይቀርም። እንደ ቤት ሥራ ተጀምሮ እንደ ማየት ሊቀጥል የሚገባው ነገር ነው፦ በየዕለቱ፣ ሳያልቅ። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ የት ነው ብትሉኝ፣ ሰው ሁሉ የሚያማርርባቸው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎዎች ላይ ነው እላለሁ።

አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፤ ክብደቷ 78 ኪሎ ነበር። ለስላሳ መጠጥ ተወች፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አልበላም አለች፣ ከቢሮ እስከ ታክሲ ተራው በእግሯ መሄድ ጀመረች። አሥሩ ኪሎ ብዙም ሳያስቸግር ወረደ። የምትፈልገው 65 ነው። 68 ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ቀጥ አለ። ያው ምግብ፣ ያው እርምጃ፣ ያው ሰው፤ ሚዛኑ ግን አልሰማም አለ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሜክሲኮ አካባቢ ስንሄድ ሚዛን ዘርግቶ መንገድ ዳር ከተቀመጠ ልጅ ፊት ቆመች። ቦርሳዋን ለእኔ፣ ስልኳን ለእኔ፣ ጃኬቷን ለእኔ። ጫማዋን አውልቃ ካርቶኑ ላይ ቆመች፤ ትንሽ አሰበችና ሰዓቷንም ፈታ ሰጠችኝ። ልጁ በደንበኞቹ የለመደው ነገር ይመስለኛል፣ ምንም አልገረመውም። «እትዬ፣ አይነቃነቁ» አላት። 68.4 አለ። ጠዋት ቤት ውስጥ 67.6 ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ከሰው ጋር ደህና አላወራችም።

ያበሳጫት ልዩነት 800 ግራም ነው። የበላችው ምሳና የጠጣችው ውሃ ብቻቸውን ከዚህ በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚቀመጠው የስኳር ክምችት እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይኖራል፤ ጨው የበዛበት ወጥም ውሃ ያስቀራል። አሥር ኪሎ እየወረደ ሳለ እንዲህ ያለው መዋዠቅ አይታይም ነበር፤ ሦስት ኪሎ ሲቀር ግን መንገዱን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ሰው ለዚህ ያለው ማብራሪያ አንድ ነው፦ ሰነፈች፣ ጠገበች፣ ዓላማዋን ረሳች። እኔ አልቀበለውም፤ ምክንያቱም ያደረገችው ነገር አልተቀየረም። የተቀየረው ሰውነቷ ነው። አነስ ያለ ሰውነት ለመኖር የሚያስፈልገው ጉልበት ያንሳል። በዚያ ላይ ሰውነት ከዚህም አልፎ ይቆጥባል። በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ደረሱበት፤ ሆርሞኑን የሚያመነጨው ስቡ ራሱ ነው፣ ስቡ ሲያንስ መልእክቱም ያንስና አእምሮ ረሃብ መጣ ብሎ ያስባል። በዓመቱ ሩዶልፍ ላይበልና ባልደረቦቹ ክብደቱን አሥር በመቶ የቀነሰ ሰው የሚያቃጥለው ጉልበት ከአዲሱ ክብደቱ አንጻር ከሚጠበቀውም በታች እንደሚወርድ አሳዩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ገደማ በግማሽ ረሃብ አቆይቷቸዋል። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል አጡ። መጨረሻ ላይ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እየሰበሰቡ እንደ ልብ ወለድ የሚያነቡ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ስለ ቆራጥነት ማውራት የሚችል ሰው ይኖር ይሆን?

ለእኔ ግን ነገሩን ሁሉ የገለበጠው ሌላ ስሌት ነው። ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2011 ላንሴት ላይ ባወጡት ጥናት የሰጡት መለኪያ በግምት እንዲህ ይላል፦ በቀን 24 ካሎሪ በቋሚነት የቀነሰ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ኪሎ ይቀንሳል፣ ግማሹን በአንድ ዓመት፣ የቀረውን አብዛኛውን በሦስት ዓመት ገደማ። ከዚያ ይቆማል። ቃሉ «በቋሚነት» ነው፤ እስኪቀንስ ድረስ አይልም። እንግዲህ አሥር ኪሎ ማለት በቀን 240 ካሎሪ፣ ለዘላለም። ሦስት ኪሎ ማለት ደግሞ በቀን 72 ካሎሪ፣ ለዘላለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ባልደረባዬ የምትፈልጋቸው ሦስት ኪሎዎች ከግማሽ ማንኪያ ዘይት ትንሽ ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት።

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩም ይኸው ነው። 240 ካሎሪ የሚታይ ነገር ነው፣ ለስላሳውን ትተወዋለህ፣ አለቀ። 72 ካሎሪ ግን አይታይም። በተለይ በእኛ ማዕድ። እያንዳንዱ የራሱ ሳህን ባለበት አገር ሰው ቢያንስ ምን ያህል እንደበላ ያያል። እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ከየት ጀምሮ እስከ የት የእኔ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት የለም፣ ወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደገባ የምታውቀው የሠራችው ብቻ ናት፣ እሷም አልለካችም። ጉርሻ የሚባል ነገርም አለ። ጉርሻን ማን ቆጥሮ ያውቃል? የሚቆጥርስ ሰው ከማን ጋር ይበላል? የመጨረሻዎቹ ኪሎዎች ሰውነት ከሚያውቀው ያነሱ አይደሉም፤ ሰው ከሚያውቀው ግን ያነሱ ናቸው።

ከዚህ የሚከተለውን ደግሞ ሳወራው ሰው ይቆጣል። ባልደረባዬ መንገድ ላይ አልቀረችም፤ ደርሳለች። 68 አሁን የምትኖረው ኑሮ የሚመዝነው ክብደት ነው። ይህ ምግብ፣ ይህ እርምጃ፣ ይህ እንቅልፍ፣ ይህ የእሑድ ምሳ ሲደመሩ 68 ይሆናሉ። 65 ያው መንገድ ትንሽ ሲገፋ የሚደረስበት ቦታ አይደለም፤ 65 የሌላ ኑሮ ድምር ነው። ስለዚህ «እነዚህን ሦስት ኪሎዎች እንዴት ልጣላቸው?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ተጣሟል፤ በሚወርዱበት ጊዜ የሚደረገው ከወረዱም በኋላ የሚደረገው ነውና። የሚጠየቀው «የ65 ኪሎዋ ሴት የምትኖረውን ኑሮ እፈልገዋለሁ ወይ?» ነው። ይህን ጥያቄ ሚዛን አይመልሰውም።

መድኃኒቱስ? ሴማግሉታይድን በተመለከተ በ2021 የወጣው ትልቅ ሙከራ በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቅናሽ አሳይቷል፤ ብዙ ነው። ግን እዚያም መስመሩ ወርዶ ወርዶ ይተኛል፣ መድኃኒቱን ያቆሙትም በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። መርፌውም የአዲሱ ኑሮ ክፍል ነው ማለት ነው።

65ን ግን ማን አመጣው? ስጠይቃት «በቁመቴ ጤናማው እሱ ነው» አለችኝ። ክብደትን በቁመት ካሬ የሚያካፍለውን ቀመር በ1830ዎቹ ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጅጋዊ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሰው ነው፤ የሚያጠናው «አማካይ ሰው» የሚባለውን ነበር እንጂ ሕሙማንን አልነበረም። ዛሬ በሚጠራበት ስም የሰየመው በ1972 ያው የሚኒሶታው ኪስ ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1998 ድረስ ሴት ከመጠን በላይ ወፍራለች የምትባለው በዚህ ቀመር ልኬቷ 27.3 ሲደርስ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወሰኑ ወደ 25 ወረደና ሚሊዮኖች ምንም ሳይበሉ በአንድ ቀን ወፈሩ። በባልደረባዬ ቁመት አሮጌው ወሰን 71.6 ኪሎ፣ አዲሱ 65.6 ነው። ስለዚህ በ68 ኪሎዋ በ1997 ጤናማ፣ በ1999 ወፍራም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቷ ደግሞ የምትመዘነው በፓውንድ ስለሆነ ግቧ 140 ነው፤ በኪሎ 63 ተኩል መሆኑ ነው። ግቤ 63 ተኩል ነው የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አላጋጠመኝም፤ 143.3 ፓውንድ የሚልም ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሰው ሰውነቱን የሚያወርደው ሙሉ ቁጥር ወዳለበት ነው።

ጤናው ራሱ ለቁጥሩ ያን ያህል አይጨነቅም። በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካው የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት ለተሳታፊዎቹ ያስቀመጠው ግብ ከክብደታቸው ሰባት በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር፤ በዚህ ብቻ ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎች ላይ በሽታው የመከሰቱ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ባልደረባዬ ሰባት በመቶን ካለፈች ቆይታለች። ሦስቱ ኪሎዎች ሐኪም ያዘዛቸው አይደሉም።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ቁጥሩ ሰው ሠራሽ ነው ማለት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የማራቶን ርቀት 42.195 ኪሎ ሜትር የሆነው በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ በተሮጠበት መንገድ ምክንያት እንጂ ተፈጥሮ ስላዘዘ አይደለም፤ ግን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 40ኛው ኪሎ ሜትር ይበቃል ብሎ አልቆመም። ከየትም የመጣ ወሰን አንዴ ከተቀበሉት ያጠነክራል። ልክ ነው። ነገር ግን አበበ መጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ የፈለገውን ያደርጋል። ቶኪዮ ላይ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታይቷል፤ ያም ቢሆን በማግስቱ እንደገና ሩጥ ያለው የለም። ሩጫ የሚጠናቀቅ ነገር ነው። 65 ኪሎን የነካ ሰው ግን ሪባኑን ደረቱ ላይ ይዞ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው እንዲሮጥ ይጠየቃል። የወሰን ክብር መጨረሻ ላለው ነገር ነው የሚሠራው።

ከቁጥር ጋር ሳይጣበቅ ራስን የመግዛት ልማድ ግን አገራችን ውስጥ አለ። ጾም ክብደት መቀነሻ አይደለም፤ እንዲያውም በዘይት የሚጾም ሰው ፋሲካን ወፍሮ ሊቀበል ይችላል። እኔ የምለው ስለ ቅርጹ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። 50ኛው ቀን ላይ «ግቤን ስለመታሁ» ብሎ የሚገድፍ የለም፤ ፋሲካ ሌሊት ላይ ደግሞ «ሦስት ስለቀረኝ» ብሎ የሚቀጥል የለም። ረመዳንም ጨረቃ ስትታይ ያበቃል፤ ጨረቃዋ የማንንም ወገብ አትለካም። ፍጻሜውን ያመጣው የዘመን አቆጣጠሩ ስለሆነ ጿሚው ስለ ፍጻሜው መጨነቅ የለበትም፤ ዛሬ የጾመ ዛሬን ጾሟል፣ ጎዶሎ የለውም። አሪስቶትል ከማየትና ከማሰብ ጎን ያስቀምጠው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ዳይት የሚባለው ነገር ይህን ስላጣ ነው ነገ ላይ ብቻ የሚኖረው።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ ነገርኳት። «አንተ እንዲህ የምትለው እንጦጦ አብረን እንውጣ ብዬ እንዳልጎተትህ ነው» አለችኝ። ያም ይኖርበታል። በኋላ ግን ወረቀት አውጥታ ሒሳቡን ጀመረች። የእሑዱን የእናቷን ምሳ አልነካም አለች፤ እናቷ እንደሆኑ አሁንም ባዩዋት ቁጥር «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» ነው የሚሏት፣ ያጎረሷትን መመለስ የማይታሰብ ነው። የጠዋቱ ማኪያቶ ላይ ያለው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ግን 32 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ያ አንዱን ኪሎ ከነትርፉ ይከፍለዋል፣ ለዘላለም ቢሆንም አያሳዝነኝም ብላለች። የቀሩት ሁለቱ ላይ ከራሷ ጋር ገና አልተስማማችም፤ እንዲህ ያለ ዋጋ አያወጡም ትላለች አንድ ቀን፣ በማግስቱ ደግሞ ዋጋ ታወጣላቸዋለች።